ስለሌለኝ የራጅ ማሽን

ለተከበሩ የከተማችን የኮሙኒኬሽን ኃላፊ፣ ለአቶ ወርቅነህ፤

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የመኪናዎ ድምፅ ማጉያስ? እኔ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ፤ ገበያው መግቢያ ላይ ያሰቀሉልኝ ፎቶም ከእኔ የተሻለ ከሰው ጋር ይውላል።

«የከተማችን ልጅ የራጅ ማሽን ሠርታ መጣች» ብለው ስላስነገሩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ቅር ያሰኙኝን በትሕትና ላቅርብ።

፩ኛ. ማሽን አልሠራሁም። ከአባቴ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ፣ ውጭ አገር ላለ ቤተ ሙከራ የራጅ ማይክሮስኮፕ መስታወት ንድፍ እሠራለሁ። የራጅ ጨረር ተራውን ሌንስ ከምንም ሳይቆጥር አልፎት ስለሚሄድ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ውሃ ላይ እንደሚነጥር መስታወቱን ጨረፍ አድርጎ እንዲነጥር ቅርጹን ማግኘት አለብኝ። የሚታይበትም ከፀጉር የቀጠነ ነገር እንጂ የሰው አጥንት አይደለም። ቢጠይቁኝ በደስታ እነግርዎ ነበር።

፪ኛ. ከማስታወቂያዎ ወዲህ እግሩ የተሰበረውም ደረቱን የሚያመውም በሬን ሲያንኳኳ ይውላል፤ እኔም ይቅርታ ስጠይቅልዎ እውላለሁ።

፫ኛ. ወይዘሮ ካሣነሽ የተሰበረ ክንዳቸውን በነጠላ አስረው ከስማዳ ገጠር መጡ። ደብረ ታቦር ሆስፒታል መሄድ ሲገባቸው እርስዎን አምነው እኔ ዘንድ ደረሱ፤ አውቶቡሱም ሄዶ ስለነበር እኔው ቤት አደሩ። ማሽን እንደሌለኝ ስነግራቸው አልተቆጡም፤ እንግዲያ ቀኑን ሙሉ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ንድፉን አሳየኋቸው። እያቃሰቱ፣ በደኅናው እጃቸው እየጠቆሙ፣ ጨረሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አስነገሩኝ። ወደ ከተማችን ከተመለስኩ ወዲህ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ ሌላ ሰው የለም። ወይ ጉዴ! በሕመም ምክንያት በመጣ እንግዳ እንዲህ ደስ ይበለኝ? ጠዋት ወደ ደብረ ታቦር አሳፈርኳቸው፤ ክንዳቸው እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ስለዚህ ሌላ ሕመምተኛ መንገድ ሳይስት፣ ማሽን እንደሌለኝ በዚያው ማጉያ እንዲያስነግሩልኝ እጅ ነሥቼ እለምናለሁ።

ባልሠራችው ያከበሯት፣ የሠራችውን ያልጠየቋት፣
ቀመሪያ ሻፊ

ማስታወሻ፦ ማስታወቂያው ከታረመ በሬን የሚያንኳኳ ሰው እንደማይኖር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይታረም። ከዚያ በኋላ ጊዜ ካገኙ እርስዎ ብቅ ይበሉ፤ ማጉያውን ቢሮ ትተው ጆሮዎን ብቻ ይዘው ይምጡ።