ሁለቱም ጫማሽ በር ላይ ናቸው

ልጄ፣ የኔ እናት፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ቁስልሽ ቶሎ ይሻርልሽ፤ ቀዶ ያተረፈሽ ሐኪም እጁ አይንቀጥቀጥ።

ከአክስትሽ ጋር ወደምትታከሚበት አገር እንዳልመጣ ቪዛ የከለከለኝ የኤምባሲ ሰውዬ ዛሬም «ወጣት ነሽ፤ ከሄድሽ አትመለሺም» አለኝ። «ልጄ እናቷ አጠገቧ ሳትኖር እግሯ ተቆርጧል፤ አንተ ማኅተምህን አቅፈህ ተኛ!» ብዬው ወጣሁ። ሰኞ ደግሞ ያየኛል።

አያትሽ «ስትመጣ አይታ እንዳይከፋት» ብለው የግራ ጫማሽን ደብቀውት ነበር። «እማዬ፣ እግሯን ካንሰር ወሰደው፤ ጫማዋን ደግሞ እኛ እንውሰድባት?» ብዬ ተቆጣኋቸው። ሁለቱንም ወልውዬ በር ላይ አስቀመጥኩና ተያይዘን አለቀስን።

አክስትሽ ስትደውልልኝ ብርድ ልብሱን እስከ አገጭሽ ስበሽ ፊትሽን ብቻ ታሳዪኛለሽ። እንዳላለቅስ ብለሽ ነው አይደል? ባለቅስም እናትሽ ነኝ። እባክሽ ልጄ፣ እሁድ ስትደውሉ ስልኩን ወደ እግርሽ ዝቅ አድርጊው። ከሩቅም ቢሆን ቁስሉን ልሳመው።

እደጊልኝ።

እናትሽ