ያለ እኔ ጣት ስምንት ወር ስለተመታው ቤዝ ጊታር

ለተከበሩ የከተማው አዳራሽ የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ፣ የኦርኬስትራው መሪና ድምፃዊ፣ ደግሞም የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ለሆኑት ለጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉሮሮዎ፣ ወገብዎ፣ ባለፈው ሰሞን ደረጃ ሲወጡ ያስቸግርዎ የነበረው ጉልበትዎ ሁሉም ደህና እንዲሆኑልዎ ከልብ እመኛለሁ፤ በተለይ ጆሮዎ ደህና መሆኑን ብሰማ ደስታዬ ወደር አይኖረውም። እኔ ደህና ነኝ። ግራ እጄም፣ የጠየቀኝ ባይኖርም፣ አለች።

ይህን ደብዳቤ በቢሮዎ በር ሥር ማስገባት ስችል መግቢያው ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። የሚመለከተው ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር በፖስታ አሽጌ ብልክ መሳቂያ እሆናለሁ ብዬ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ነገሩን ሳያውቅ የኖረ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አሁን አውቋል።

ለአላፊ አግዳሚው ስል ከሥሩ ልጀምር፤ እርስዎ የሚያውቁትን እየሰሙ ይታገሡኝ። በዚህ ኦርኬስትራ ውስጥ ቤዝ ጊታር ስመታ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አምና የእናትዎ ቤት ጣሪያ ማፍሰስ ሲጀምር እርስዎ ስብሰባ ስለነበረብዎ እኔ ብቅ እንድልላቸው አዘዙኝ። እናትዎ ለእኔም እናቴ ናቸውና ባይልኩኝም እሄድ ነበር። መሰላሉ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተንሸራተተና ግራ እጄ አንጓዋ ላይ ተሰበረች። ሐኪሙ አጥንቱስ ይገጥማል፣ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ግን እንደ ድሮው እስኪታዘዙ ዓመት ሊፈጅ ይችላልና ጠዋትና ማታ መልመጃ ሥራ አለኝ። እነዚህ ሁለት ጣቶች ለቤዝ ተጫዋች ምን ማለት እንደሆኑ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። እርስዎም አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው፣ ብርቱካን እየላጡልኝ፣ "ወንበርህ ወንበርህ ነው፤ አንተ እያለህ ማንም አይቀመጥበትም" አሉኝ። እውነትም ቃልዎን ጠብቀዋል። ከእኔ በቀር የተቀመጠበት የለም፤ እኔም ከመቀመጥ ሌላ የሠራሁት የለም።

ከአራት ወር በኋላ ስመለስ ስጦታ ጠበቀኝ፤ ዲጂታል መልቲ ኢፌክት ፔዳል። የጫማ ካርቶን የሚያህል፣ አራት መርገጫና አንድ ትንሽ ስክሪን ያለው ማሽን ነው። የጊታሩ ገመድ በአንድ በኩል ይገባል፤ ድምፁ በሌላው በኩል ወፍሮ፣ ቀጥኖ፣ ሻክሮ ወይም ለስልሶ ይወጣል፤ የተመታውንም ይቀዳል። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ገመድና አንድ አምፕሊፋየር ብቻ ለሚያውቅ ሰው ቀላል አልነበረም። መመሪያውን መነጽሬን ሰክቼ እንደ ፈተና ተማሪ ሸመደድኩት። በመጀመሪያው ሳምንት ለስለስ ባለው ዘፈን ላይ የተሳሳተ መርገጫ ረግጬ አዳራሹን ወፍጮ ቤት አስመስዬው ነበር፤ ያን ቀን እንኳ አልተቆጡኝም። ቤት ገብቼ ወንድምሽ እንዴት ያለ ታጋሽ ሰው ነው ብዬ ለባለቤቴ አወራሁላት።

ቀጥሎም ለመጠባበቂያ ይሁን ብለው አሥራ አራቱንም ዘፈኖቻችንን በፔዳሉ እንድቀዳ አዘዙኝ። ሦስት ቀን ሙሉ በመለማመጃው ክፍል፣ ጣቴ ሲደክም እያረፍኩ፣ ቁርጥራጩን ከቁርጥራጭ እየቀጠልኩ ቀዳሁ። በሦስተኛው ዘፈን ሁለተኛ አዝማች ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ በሩን በርግዳ ስትገባ ደንግጬ አንዷን ኖታ አዘገየኋት። ልድገመው ብል፣ ተወው፣ ማን ይሰማዋል አሉኝ። እኔም ተውኩት።

ከዚያ ስምንት ወር ሠራን፤ ማለቴ፣ ሠራችሁ። የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በምረቃው ዝግጅት ላይ፣ ትራምፔት ተጫዋቹ ወደ ኋላ ሸሸት ሲል የፔዳሌን የኤሌክትሪክ ገመድ በተረከዙ ነቀለው። ስክሪኑ ጠፋ፤ ጆሮዬ ላይ ያለው ማዳመጫም ጸጥ አለ። ልሰካው ጎንበስ ስል ሁለቱም እጆቼ ከጊታሩ ላይ ተነሥተዋል፤ ቤዙ ግን ይሄዳል። ወለሉ ከእግሬ በታች ይነዝራል፣ ተመራቂዎቹ ይጨፍራሉ፣ እርስዎም ዓይንዎን ጨፍነው ያዜማሉ። መጀመሪያ ጤናዬን ተጠራጠርኩ። ኋላ ግን የሦስተኛው ዘፈን ሁለተኛ አዝማች ደረሰና ያቺን የዘገየች ኖታ ቁልጭ ብላ ሰማኋት። ሰው የራሱን ስህተት አይስትም። ሕዝቡ የሚሰማው ለመጠባበቂያ የቀዳሁትን እንደሆነ፣ የእኔ ገመድ የሁላችንም ድምፅ በሚያልፍበት ሚክሰር ላይ ተዘግቶ እንደኖረ ያን ጊዜ ገባኝ።

ስለዚህ የሚከተለውን በቁጥር ለይቼ ማቅረብ ግድ ሆኖብኛል። ቅሬታ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤትዎ ቅሬታ የሚቀበለው በቅጽ ብቻ፣ ቅጹም ካለቀ ዓመት ያለፈው በመሆኑ ምስጋና ብዬዋለሁ።

1ኛ. የመድረክ ጩኸት እጅህን ያስቸኩላታል፣ ራስህን ብቻ ስማ ብለው የጆሮ ማዳመጫውን በገዛ እጅዎ ከፔዳሉ ጋር ስላያያዙልኝ አመሰግናለሁ። በዚህ ፔዳል ውስጥ ኮምፕሬሰር የሚሉት ነገር አለ፤ የደከመውን ድምፅ ከፍ፣ የበረታውን ዝቅ አድርጎ ሁሉንም እኩል የሚያደርግ። እርስዎ እስከ ጥጉ ከፍተው ሰጡኝና አትንካው አሉኝ፤ አልነካሁትም። የትንሿ ጣቴ ድካም በማዳመጫው ውስጥ አይታወቅም ነበር። እጄ ተመለሰች ብዬ ስንት ቀን አውቶቡስ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ በደስታ አልቅሻለሁ። ማሽኑን እንዲያ አድርገው ሲያስተካክሉ ምን እያሰቡ እንደነበር አንድ ቀን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

2ኛ. "ዝምታ" እያልን ስለምንጠራው ድራመራችንም አመሰግናለሁ። የተቀዳ ሙዚቃ ሰው አይጠብቅም፤ ሰው ነው የሚከተለው። ስለዚህ ዝምታ ቆጠራውን የሚሰማበት ነገር አንድ ጆሮው ውስጥ ሰክቶ ሲሠራ ኖሯል። ምን ሆነህ ነው ብዬ ብጠይቀው ጆሮዬን አሞኝ ነው፣ ጥጥ ነው አለኝ። ሆዴ አልችል ብሎ ከፋርማሲ ጠብታ ገዛሁለት። ተቀበለኝ። ሲያልቅበት ደግሞ ሁለተኛ ጠርሙስ ገዛሁለት፤ ይሄኛው ከፊተኛው ይሻላል ብሎ መረቀኝ። ከዝምታ ሌላ መድረኩ ላይ ስድስት ሰው፣ ሚክሰሩ ጋ አንድ ሰው አለ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሮ ከሠራ ሰው መካከል አንድ ሰው በጥቅሻ እንኳ አልነገረኝም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አጥሩን እነሱ ነቀነቁት፤ መናቁን ግን ከማን እንደተማሩት እኔም እርስዎም እናውቃለን።

3ኛ. በስድስተኛው ወር "ያለ አንዳች እንከን ላበረከተው አገልግሎት" የሚል፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት የምስጋና ወረቀት በሠራተኛው ፊት ሰጥተውኛል። ባለቤቴ ፍሬም ውስጥ አስገብታ ሳሎን ሰቅላው ነበር፤ አውርጄ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ። የወረቀቱ እውነተኛ ባለቤት ሚክሰሩ ጎን የተሰካችው፣ ቅጂዬን የያዘችው ፍላሽ ናት። አንድ ቀን አልቀረች፣ አልዘገየች፣ ሻይ አልጠየቀች። እንደ እርስዎ ያለ አለቃ የሚመኛት ሠራተኛ ናትና አብራችሁ ያክርማችሁ።

4ኛ. ይህኛውን ሰሌዳ ላይ ማውጣት አልፈልግም ነበር። በዚያ እሑድ ቤት ገብቼ የሆነውን ለባለቤቴ ነገርኳት። ትደነግጣለች፣ አብራኝ ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበርና ማጠፏን ቀጠለች። እንዴት አላለችም። ምን ሆነ ብላ አልጠየቀችም። የትራሱን ልብስ አጥፋ አንሶላውን ስታነሣ ነው የገባኝ። "እንዳትዋረድ ብሎ ነው" አለችኝ። "ደግሞም የተቀዳውም አንተው ነህ።"

ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነግረዋት ኖሯል። ከፊት ወንበር ተቀምጣ ስታጨበጭብልኝ የከረመችው እያወቀች ነው። በሚስትና በባል መካከል ገብተው ምስጢር ስላስቀመጡ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ ቃል አጠረኝ፤ እዚህ ላይ ጨዋታዬም አለቀ። ተከድቻለሁ። ጠላት ቢያደርገው ጠላት ነው ብዬ እተወው ነበር፤ ብርቱካን የላጠልኝ እጅ ነው ያደረገው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስሰማ ስለ ፈረስ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ፔዳሉን ነቅዬ ቁም ሣጥን ላይ አወጣሁት፤ ጊታሬን በአንድ ተራ ገመድ ከአሮጌው አምፕሊፋየር ጋር አገናኘሁና ስልኬን መስኮቱ ላይ አቁሜ አሥራ አራቱንም ቀዳሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ራሴን ሰማሁ። ዘጠኙ ደህና ናቸው። ሦስቱ ያነክሳሉ። ሁለቱ ዘፈን አይመስሉም። አመመኝ፤ ግን ስምንት ወር ሙሉ የተነፈግኩት ሕመም ይህ ነበር። እርስዎ ያልቆጠሩት አንድ ነገር አለና ልንገርዎ፤ ድነሃል፣ እንዲያውም ከበፊቱ በልጠሃል ስትሉኝ የሐኪሙን መልመጃ በሦስተኛው ወር ተውኩት። የዳነ ሰው ለምን ጣቱን ያስጨንቃል? ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ጣቶቼን አጥፎ፣ ዘርግቶ፣ ጫን ጫን አድርጎ ካየ በኋላ፣ ጥሩው ጊዜ አምልጦናል፣ ቢሆንም እንሞክር አለኝ። ያመለጠን ጊዜ እናንተ ያጨበጨባችሁልኝ ጊዜ ነው።

ከውርደት ሊያድኑኝ ፈልገው እንደሆነ አላጣሁትም። ርኅራኄም ይኖርበት ይሆናል። ነገር ግን የሚወድህ ያስለቅስሃል፣ የሚጠላህ ያስቅሃል የሚሉን አባቶች ናቸው፤ እርስዎ ሲያስቁኝ ከረሙ። ያን ጊዜ ቢሮዎ ጠርተው፣ በሩን ዘግተው፣ እጅህ አልደረሰችም፣ ሂድና ሥራባት ቢሉኝ፣ ቅር ብሎኝ ሳምንት ላኮርፍዎ እችል ነበር። ከዚያ ግን ዛሬ ዘጠኝ የምለው አሥራ ሦስት ይሆን ነበር ይሆናል። ይሆን ነበር የምትለዋን ቃል እንግዲህ ዕድሜዬን ሙሉ ተሸክሜያት ልኖር ነው።

የምጠይቀው ጥቂት ነው። ለዘጠኙ ዘፈኖች ገመዴን ይክፈቱልኝ፤ ያለ ፔዳል፣ ያለ ማዳመጫ፣ ሕዝቡ ከነጉድለቴ ይስማኝ። ለቀሩት አምስቱ ሕይወት ያለው ሰው ይቅጠሩ፤ ወጣት ቢሆን፣ ከእኔ ቢበልጥ፣ ወንበሩን እኔው ጠርጌ አስረክበዋለሁ። ይህ የማይሆን ከሆነ ደግሞ ፊት ለፊት ቆመው አትችልም ይበሉኝ። አንዲት ቃል ናት፤ እስከዚያ ድረስ ግን ከፍላሽዎ ጋር መድረክ አልጋራም።

ስብሰባዎችዎ ሁሉ እንዲሳኩ፣ ጣሪያዎ ሁሉ ሳያፈስ እንዲከርም፣ የሚሰናበትዎ ሁሉ ጥርሱን እያሳየ እንዲሰናበትዎ እየተመኘሁ፣ ስምንት ወር ሙሉ የራሴን ትርኢት ከሁሉ በተሻለው ወንበር ተቀምጬ በነፃ እንዳይ ስለፈቀዱልኝ ውለታዎ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የእህትዎ ባል፣
እስከ ትናንት የኦርኬስትራው ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነኝ ብሎ ያምን የነበረው

ማስታወሻ፦ ይህን ከመጻፌ በፊት እርግጠኛ መሆን ፈልጌ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በነበረው ዝግጅት ጊታሩን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሁለቱን እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ አሥራ አራተኛው አንዲት ክር ሳልነካ ተቀመጥኩ። ዝምታ አየኝና ከበሮው ላይ አቀረቀረ። እርስዎ ፊትዎ ወደ ሕዝቡ ስለነበር አላዩኝም። ሲያበቃ ላብዎን እየጠረጉ መጡና ግራ እጄን በሁለት እጅዎ ይዘው፣ "ዛሬስ ከሌላው ቀን ሁሉ በለጥክ" አሉኝ።