ስለ ራስ ቁሩ ዘመንና ስለ ቡናማው ጫማዬ

እኔ አምላኩ ኤርሲዶ፣ ዕድሜዬ ሰባ ስምንት፣ ነዋሪነቴ ጆሃንስበርግ የሆነ፣ ዛሬ ቅዳሜ የካቲት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ማንም ሳያስገድደኝ፣ አእምሮዬም ሳይናወጥ፣ በሁለት ምስክሮች ፊት ቃሌን እናዘዛለሁ። አእምሮዬ ሙሉ መሆኑን ባለቤቴ ባንቺአየሁ ትጠራጠራለች፤ እሷ ግን ስንጋባም ትጠራጠር ነበር። ቃሌን የምትጽፈው የልጅ ልጄ ፍሬገነት ናት። እዚህ ቤት የሚነገረውን ሁሉ፣ ስድብም ቢሆን፣ ሳትቀንስ እንድትጽፍ አዝዣለሁ።

ምስክሮቼ ጎረቤታችን ወይዘሮ ራዚያ እና አቶ ማናሴ ላምቦሬ ናቸው። ማናሴ የወጣትነት ወዳጄ ሲሆን ሰባት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፍጎኛል። “አምላኩ ሊናዘዝ ነው፤ ና መስክርለት” ቢባል ጊዜ ግን ከዛንድስፕሩት በታክሲ መጥቶ ይኸው በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ኮቱን አላወለቀም።

አንደኛ፦ በቶኮዛ ያለው፣ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቄ ለልጄ ለኢዮኤል ይሁን። ምክሬም ይህ ነው፤ ደንበኛ ሲገባ ቀና ብለህ በአገሩ ሰላምታ “ሳውቦና” በል። ስልክህ ላይ ተደፍተህ ዳቦ ስትሸጥ አይቼሃለሁ፤ ዳቦው ራሱ ቅር ብሎታል።

ሁለተኛ፦ ቤቱና በቤቱ ያለው ዕቃ የባንቺአየሁ ነው። ድሮም የእሷ ነበር፤ እኔ ተከራይ ነበርኩ።

ሦስተኛ፦ ለፍሬገነት በዚህ ኑዛዜ ምንም አልተውኩላትም። (እዚህ ላይ ብዕሯን አስቀምጣ “እንዴ አባባ!” ብላለች።) የጠየቅነው የሕግ ሰው፣ ኑዛዜ የጻፈም ሆነ የመሰከረ በዚያው ኑዛዜ አይወርስም ብሎናል። ስለዚህ ማጉያ መነጽሬን በሕይወት ሳለሁ፣ አሁኑኑ፣ በእጇ ሰጥቻታለሁ።

አራተኛ፦ ወደ ራስ ቁሩ እንምጣ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት የአንድ ሟች ዕቃ በጨረታ ሲሸጥ፣ እኔና ማናሴ አንድ ካርቶን ድስት ገዛን። ከድስቶቹ ሥር የዛገ የብረት ራስ ቁርና ስለ ጥንት ራስ ቁሮች የሚናገር ወፍራም ባለ ሥዕል መጽሐፍ ወጣ። ጀፕ በሚባለው የሐበሻ ገበያ ሰፈር፣ ከአንድ ጅምላ መደብር ጓሮ ተቀምጠን ሁለት ዓመት አጠናን። ሸቀጥ ሊጭኑ የመጡ ሰዎች “ፈተናው መቼ ነው?” ይሉን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአራተኛው ክፍለ ዘመን የሮማ ወታደር ራስ ቁር በአብዛኛው ሁለት ግማሽ ሆኖ፣ ከግንባር እስከ ማጅራት በሚሄድ የብረት ሸንተረር ይገጣጠም ነበር። የስድስተኛው ክፍለ ዘመን ግን ሾጠጥ ይላል፤ አራት ወይም ስድስት ሰሌዳዎች በብረት መቀነት ተይዘው በችንካር ይመታሉ። በእኛው ራስ ቁር ላይ የተረፈው ከግንባር ወደ ማጅራት የሚሄድ አንድ ብረት ብቻ ነው፤ ሌላውን ከውጭ ዝገት በልቶታል። እኔ “ሸንተረር ነው፤ አራተኛ!” አልኩ። ማናሴ “የተረፈ መቀነት ነው፤ ስድስተኛ!” አለ። ተጨቃጭቀን መጽሐፉን በዳቦ ቢላ ለሁለት ቆረጥነው። እስከ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ያለው ለእኔ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ለእሱ ደረሰ። ከዚያ በኋላማ እኔ የማየው ሁሉ አራተኛ፣ እሱ የሚያየው ሁሉ ስድስተኛ ሆነ።

ማናሴ “ገልብጠን ሰሌዳውን ከውስጥ እንቁጠር” አለኝ። “ነገ ና” አልኩት።

አሁን የምለውን እግዚአብሔርም ማናሴም ይስሙ። እሱ ሲሄድ ገልብጬ ቆጠርኩ። አራት። ደግሜ ቆጠርኩ። ያው አራት ሰሌዳ፤ የማናሴ ስድስተኛ ክፍለ ዘመን ነው። የቡናማ ጫማዬን ቀኝ እግር ቀደድኩና ቆዳውን በማስቲሽ ውስጡ ለጠፍኩት። በማግስቱ “የሮማ ገበር ነው፤ በእጅ አይነካም” አልኩት። አሽትቶ “ይሄ የጫማ ማስቲሽ ነው” አለና ወጣ። በዚያው ቀረ።

“አንተ ቀጣፊ!” አለ ማናሴ።

“ጫማውን ውሻ ወሰደው ብለኸኝ ሰባት ዓመት የሰው ውሻ ስረግም!” አለች ባንቺአየሁ።

ስለዚህ ራስ ቁሩ የስድስተኛው ክፍለ ዘመን መሆኑን አምኜ፣ ከግማሽ መጽሐፌ ጋር ለማናሴ ላምቦሬ ተናዝዣለሁ።

ማናሴ ብድግ አለ። “ምስክር አይወርስም ብለህ አሁን አጽፈህ የለም? አውቀህ ነው የጠራኸኝ! ስትሞትም ታታልለኛለህ?”

“ማን ይሞታል?” አልኩት።

“ሐኪም ቤት ሊገባ ነው አሉኝ።”

“ማክሰኞ ነው። የዓይን ሞራ ሊገፈፍልኝ።”

“ጋሼ አምላኩ፣ እኔ ሁለቱንም አስገፍፌአለሁ” አለች ወይዘሮ ራዚያ፤ “በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ገበያ ወጥቻለሁ።”

“ታዲያ ሌላ ምን ብዬ ልጥራህ?” አልኩት ማናሴን። “ስልክ አታነሳም።” ተነሥቼም ራስ ቁሩንና ግማሽ መጽሐፉን እጁ ላይ አኖርኩለት። “ሙት አላወረሰህም፤ ሕያው ሰጥቶሃል” አልኩት። የኑዛዜው አራተኛ ቁጥር ይሰረዝ።

ማናሴ ኮቱን አወለቀ። ማጉያውንም ከፍሬገነት ተዋሰ።

ይህ ቃሌ ተነብቦልኝ፣ ከተሰረዘው በቀር የራሴ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ተናዛዥ፦ አምላኩ ኤርሲዶ (ፊርማ)

ምስክር፦ ራዚያ ሸምሱ (ፊርማ)

ምስክር፦ ማናሴ ላምቦሬ (ፊርማ)፤ ከሥሩም በራሱ እጅ፦ “የተናዛዡ አእምሮ ሙሉ ነው። ቆዳውን ልጬ ቆጥሬአለሁ፤ አራት ነው። ማክሰኞ ሐኪም ቤት የምወስደው እኔ ነኝ። ሞራው ሲነሣለት እሱም በፊቴ ይቆጥራል።”