ዶሮ ታዛጋለች ወይ?

ሰኔ 3

ስልኬ ቦይ ውስጥ ገባ! በራችን ፊት የሚያልፈው ቦይ ዳር የወደቀ አፕሪኮት ልለቅም ጎንበስ ስል ከኪሴ... ዱብ። ሱህሮብ አውጥቶ ሩዝ ውስጥ ቀበረው። «ሦስት ቀን ይተኛ» አለኝ። ባሌ ሐኪም ሆኖ አረፈው።

ሦስት ቀን! እኔ ሦስት ደቂቃ ሳልጠይቅ መኖር እችላለሁ? ያውም እዚህ ሁጃንድ። ተወልጄ ያደግኩት ሩሲያ፣ ቲዩመን። የወላጆቼን አገር የማውቃት በሰው ሠርግ ቪዲዮ ነበር። አሁን ሙሽራ ሆኜ ገባሁባት፤ ሃያ ሁለት ቀኔ። ዳቦ በጀርባው ሲቀመጥ ለምን ይደነግጣሉ? ደፍ ላይ መቆም ለምን ነውር ሆነ? ሰው አልጠይቅም። «የሩሲያዋ ሙሽራ ምንም አታውቅም» ከሚሉኝ ስልኬን ብጠይቅ ይሻለኛል።

ስልክ ደግሞ የለኝም። ወጥ ቤት ያለችው ታብሌት... አማቴ የስፌት ቪዲዮ የሚያዩባት። ብነካት ይቆጡ ይሆን?

ሰኔ 4

ነካኋት። «ሽንኩርት ለምን ያስለቅሳል»። «ጣት ውኃ ውስጥ ሲቆይ ለምን ይጨማደዳል»። «ሰው ራሱን ሲኮረኩር ለምን አይስቅም»። የመጨረሻውን ሞከርኩት። እውነት ነው፣ አያስቅም። ብብቴን እየኮረኮርኩ ቀና ስል አማቴ በሩ ላይ ቆመዋል። ምንም አላሉም። እሳቸው መቼ ብለው ያውቃሉ? በሃያ ሦስት ቀን ከአማቴ ከሳኦዳት አፍ የሰማሁት ሦስት ነገር ነው፦ «ደህና አደርሽ»፣ «ጨው አቀብዪኝ»፣ «ሙቀቱ በረታ»።

ሻይ ቀዳሁላቸው። ጆሮ የሌላትን ትንሿን ስኒ እስከ አፏ ሞላኋት፤ ጎደሎ ስኒ የንፉግ ነው ትላለች እናቴ። አማቴ ዛሬም እንደ ሁልጊዜው ስኒውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ፉት ፉት አድርገው ጨረሱና ተነሥተው ወጡ። ምን አጥፍቼ ነው? ሻዩ ቀጥኖ? እንጃ። ነገ ይበልጥ እሞላዋለሁ።

ሰኔ 5

«እናትህ ጠልተውኛል።»

«ዝምተኛ ናት እንጂ» አለ ሱህሮብ።

«ዶሮዎቹን ግን ግማሽ ቀን ቆመው ያያሉ። በእኔ ተክዘው ነው።»

«ታዲያ ዶሮ ሁኚላት!» ሳቀ። ወንድ!

ሰኔ 6

ስልኩ አልነቃም። ሩዙን ግን ሠራሁት።

ሰኔ 8

ሳቄ አላስጽፍ አለኝ!

ለምሳ ዶልማ፣ በወይን ቅጠል የሚጠቀለለውን ሥጋ፣ ልሠራ ፈለግኩ። ቅጠሉ እንዴት እንደሚጠቀለል ልጠይቅ ታብሌቷ ላይ «ዶ» ብዬ ስጀምር እሷ ራሷ ጨረሰችልኝ፦ «ዶሮ ታዛጋለች ወይ»። እኔ መቼ ጠየቅኩ? የድሮ ፍለጋዎቹን ከፈትኩ። «ዓሣ ውኃ ይጠማዋል ወይ»። «ዝሆን መዝለል ይችላል ወይ»። «ጨረቃ ላይ ቢያስነጥሱ ምን ይሆናል»። ሱህሮብ እንዳልል ይህችን ታብሌት ነክቶ አያውቅም።

አማቴ ናቸው! እኚያ ፊታቸውን አጥቁረው የሚውሉት! እንኳን የስፌት ቪዲዮ፣ አንድ መርፌ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ዶሮዎቹን ቆመው የሚያዩትም ተክዘው አይደለም፤ እስኪያዛጉ እየጠበቁ ነው! ሽርጤን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ሳቅኩ። እሳቸው ሲገቡ ቶሎ ዘጋሁት። ይቺን ሴትዮ ወደድኳት። ምነው ብትነግሪኝ ኖሮ... እኔም እንዳንቺው ነኝ እኮ! (አንቺ አልኳቸው። ምን አለበት፣ ደብተር አይከስ።)

ሰኔ 9

ዛሬ ዝርዝሩን ወደ ታች ወረድኩበት። ምነው ባልወረድኩ።

«ምራት ሻይ እስከ አፉ የምትሞላው ለምንድን ነው»። «ምራት በየቀኑ ስኒ ስትሞላ ከቤቴ ውጡልኝ ማለቷ ነው ወይ»። «ልጅን ሳያስቀይሙ ከልጅ ቤት እንዴት ይወጣል»። «ወደ ኢስታራቭሻን የሚሄድ ሚኒባስ ጠዋት በስንት ሰዓት ይነሣል»።

ኢስታራቭሻን ልጃቸው ዙልፊያ አለች። ክፍላቸውን ስጠርግ አልጋቸው ሥር ያየሁት ሻንጣ... ጉድ ፈላ!

«እዚህ አገር ሙሉ ስኒ ምን ማለት ነው» ብዬ ጠየቅኩ። መልሱ ወዲያው መጣ። ለሚያከብሩት ሰው የሚቀዳው ትንሽ፣ ሁለት ሦስት ጉንጭ ብቻ፤ ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ፣ ቶሎ ቶሎ እየደጋገሙ ለመቅዳት፣ ከአጠገቡ ላለመራቅ። እስከ አፉ የሞላ ስኒ ግን «ጠጣና ሂድ» ነው።

ሃያ ስምንት ቀን! በቀን አምስቴ! በፈገግታ! ያውም ዝም ሲሉኝ ጊዜ እየጨመርኩ! የገዛ ልጃቸው ቤት ውስጥ እኮ ነው። ያላወቁ አለቁ ማለት እኔ ነኝ። ማልቀስ ፈልጌ ጀመርኩት፣ መሐል ላይ ሳቄ መጣ።

ሰኔ 10

ልነግራቸው ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ብናገር «ፍለጋዬን አነበብሽ?» ይሉኛል። ባልናገር ሚኒባሱ ይሄዳል። ሻይ ለመቅዳትም ፈርቼ ራሴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ።

ከዚያ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። ተነሥቼ ታብሌቷ ላይ ጻፍኩ፦ «ሙሉ ስኒ ፍቅር መስሏት አማቷን በቀን አምስቴ ያባረረች ቂል ምራት ይቅርታ እንዴት ትጠይቃለች»። ፈልግ የሚለውን ተጫንኩ። መልስ ተብሎ የመጣው የኬክ አሠራር ነበር። ይሁን። ታብሌቷን አማቴ እንዲያገኟት ከዱቄቱ ጎን አስቀምጫት ወጣሁ።

ሰኔ 11

ጠዋት ሮጬ ከፈትኩ። አዳዲስ ፍለጋዎች!

«የሰው ፍለጋ የምታነብ ምራት ቅጣቷ ምንድን ነው»። ኩም አልኩ። ቀጥሎ፦ «ቲዩመን ውስጥ ሻይ እንዴት ይቀዳል»። መጨረሻ ላይ፦ «ሻንጣ ውስጥ የተጨማደደ ልብስ እንዴት ይስተካከላል»።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የተጨማደደ... ይስተካከላል... ሻንጣው ተፈታ ማለት አይደለም?

አማቴ ቀሚሶቻቸውን በክንዳቸው ታቅፈው ገቡ።

«ካውያው የት ነው?» አሉ።

በሰላሳ ቀን አራተኛ ንግግራቸው። ከዚህ የሚጥም ነገር ሰምቼ አላውቅም!

ሰኔ 12

ሁለት ጉንጭ ቀዳሁላቸው። ጠጥተው ዘረጉልኝ። ቀዳሁ። ዘረጉልኝ። አሥራ አንድ ጊዜ! እየቀጡኝ እንደሆነ የገባኝ ሰባተኛው ላይ ነው። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ ነበር፤ በዓይኔ አየሁ።

«እማማ... ዓሣ ይጠማዋል እንዴ?» አልኩ።

«የባሕሩ ይጠጣል» አሉ ወዲያው። «የወንዙ አያስፈልገውም። ገርሞኝ ሁለት ቀን አሰብኩበት።»

ከዚያማ ማን ያቁማቸው!

ሰኔ 16

ስልኬ ተጠግኖ መጣ። መሳቢያ ውስጥ ነው። ከአማቴ ጋር አንዷን ታብሌት ይዘን «ማዛጋት ለምን ይጋባል» የሚለውን ስናነብ ሁለታችንም አዛጋን። ሱህሮብ ሲገባ አዛጋ። «ቤቱ ምን ነካው?» ይላል። ዶሮዎቹ ብቻ እምቢ አሉ።

ሰኔ 21

ሳናስበው ዙልፊያ መኪና ይዛ መጣች፤ እናቷን ልትወስድ። ለካ ያን ሰሞን «ነይ ውሰጂኝ» ብለው ደውለውላት፣ «ተዪው» ማለቱን ረስተውታል። እኔን ገና ከበሩ ላይ ገላመጠችኝ። ብትወስዳቸውስ? ልጃቸው ናት፣ ደግሞ መኪናው ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል...

«እማ፣ ሻንጣሽ የታለ?»

«ሽንኩርት አስቀምጬበታለሁ» አሉ አማቴ።

ሻይ ቀረበ። ልቀዳ ስል ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ወሰዱት። የዙልፊያን ስኒ እስከ አፉ ሞሉት። ዙልፊያ ስኒውን አየች፣ እናቷን አየች።

«እማ! እያባረርሽኝ ነው?»

«መንገዱ ሩቅ ነው ልጄ፣ ሳይመሽብሽ ግቢ። እኛ እዚህ ሥራ አለን።»

«የምን ሥራ?»

«ዶሮ ታዛጋለች ይላል። በዓይናችን እስክናይ ነው።»

ከዚያ የእኔን ስኒ አነሡ። ሞሉት፣ ሞሉት፣ ጨርቁ ላይ ፈሰሰ። ዙልፊያ አፏን ያዘች።

«እሷንም ልታባርሪያት?»

«የሷ የቲዩመን ነው» አሉ፣ ስኒውን በሁለት እጃቸው እያቀበሉኝ። «ጠጪና ተቀመጪ ማለት ነው።»

ጣቴን አቃጠለኝ። ጠጣሁት፣ ተቀመጥኩ።