እርጥቡ ፎጣ

ጥቅምት 4

ሊፍቱ ዛሬም ተኝቷል። ሽንኩርቴን አንጠልጥዬ እስከ ሦስተኛ ፎቅ በእግሬ... መግቢያው ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። «ከኅዳር አንድ ጀምሮ በዚህ የመንግሥት ሕንጻ ውስጥ፣ በየመኖሪያ ቤቱም ጭምር፣ ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው። ሦስት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ነዋሪ ቤቱን ይለቃል።» ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ቤት ገባሁ። ፎጣውን ውሃ ነክሬ በመታጠቢያ ቤቱ በር ሥር ወተፍኩ። ባልዲውን ደፍቼ ተቀመጥኩበትና አንድ ለኮስኩ። እንዲህ ያለ ነገር ያለ ሲጋራ እንዴት ይታሰባል? ባሌ ካረፈ ጀምሮ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ዙፋኔ ይሄው ባልዲ ነው። ማንም አያውቅም። ልጄ ደግሞ ነርስ ናት... ብታውቅ አለቀልኝ።

ጥቅምት 12

የነዋሪዎች ስብሰባ። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጣ የስፖርት መምህር ነው፤ ፊሽካው እስከ ዛሬ ከአንገቱ አልወረደም። ስለ ጭስ ጉዳት ሲያስረዳ ሳል ያዘኝ። ፊሽካውን ነፋ!

«አያችሁ? እኚህን እናት እንዲህ የሚያደርጋቸው የሰው ጭስ ነው!»

ጭብጨባ። እዚያው የጭስ ተቆጣጣሪ አድርገው መረጡኝ። «ኧረ እኔ...» ብዬ ነበር። ትሕትና መሰላቸው። ባጅ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። ጅብ ሥጋ ጠባቂ ሆነ።

ኅዳር 5

የመጀመሪያው ፍተሻ። አፍንጫዬ ከሞተ ቆይቷል፣ ምንም አይሸተኝም። ስለዚህ ሰብሳቢው ያሸታል፣ እኔ እፈርማለሁ። አራተኛ ፎቅ፣ ልክ ከኔ ቤት በላይ፣ የሹፌሩ ደጃፍ ላይ ቆመ። «እዚህ ነው!»

ሹፌሩ ዕድሜውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ማጨሱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ማስታወቂያው ከወጣ ጀምሮ ደጅ ወርጄ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ነው የማጨሰው! ሠላሳ ዓመት ቀይ መብራት ጥሼ አላውቅም!» አለ። ሰብሳቢው ሳቀበት። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «ሕግ ሕግ ነው» አልኩና ፈረምኩ።

ከዚያ ወርጄ ፎጣውን ነከርኩ።

ኅዳር 13

ለሹፌሩ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ። ሰብሳቢው ሲሄድ ሹፌሩ ሻይ ይጠጡ ብሎ አስቀረኝ። የወጥ ቤቱ ግድግዳ አረንጓዴ ነው፣ ሟች ሚስቱ የቀባችው። ጥግ ላይ ቀለሙ አልበቃትም፤ እስከ ዛሬ እንደዚያው ትቶታል።

«እትዬ፣ እርስዎ ሐቀኛ ሰው ነዎት። እርስዎ ካመኑኝ ይበቃኛል። ሦስተኛው ከመጣ ይሄን ግድግዳ ይዤው አልሄድ...»

«አይዞዎት» አልኩት። አይዞዎት! እኔን ብሎ አጽናኝ።

ኅዳር 16

ባልዲው ላይ ነበርኩ። ከላይ፣ በአየር መውጫው ቀዳዳ በኩል፣ የሹፌሩ ድምፅ መጣ። ጢሙን እየላጨ መሰለኝ፣ ለብቻው ያወራል። «አምላኬ፣ አንተ ታውቃለህ... ኧረ ይሄ ጭስ ከየት ነው የሚመጣው?»

ቀና አልኩ። ጭሴ ተሰልፎ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ቀጥ ብሎ ወደ ሹፌሩ መታጠቢያ ቤት!

በሩን በፎጣ፣ መስኮቱን በመጋረጃ... ያን ሁሉ ስደፍን ለዓመታት ቀና ብዬ ያላየሁት ምነው? ሲጋራዋን ውሃ ውስጥ ከተትኳት። አፈርኩ።

ኅዳር 17

አላጨስኩም። ሁለት ጊዜ ባልዲው ላይ ተቀምጬ ተነሳሁ።

ዝም ብል ማን ያውቃል? እኔ ካቆምኩ ጭሱ ይቆማል፣ ነገሩም ይረሳል... እያልኩ ሳለ ሰብሳቢው አንኳኳ። የትናንቱን ጭስ የሹፌሩ ደጃፍ ላይ አሽትቶታል። ሦስተኛውን ማስጠንቀቂያ ጽፎ ጨርሷል። «እሑድ በስብሰባው ፊት ይፈርሙበታል።»

ኅዳር 20

ሹፌሩ የድሮ የሥራ ኮቱን ለብሶ፣ አዝራሮቹን ወልውሎ መጥቷል። ወረቀቱን አቀረቡልኝ። እስክሪብቶ ያዝኩ። ተነሳሁ።

«ጭሱ የኔ ነው።»

ሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀ። «እትዬ፣ ርኅራኄዎ ይገባናል፤ የሰው ጥፋት ግን አይሸከሙ።»

ጉድ እኮ ነው! ብናዘዝም የሚያምነኝ ጠፋ። ቦርሳዬን ከፍቼ ፓኮውንና ላይተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው። ስለ ባልዲው፣ ስለ ፎጣው፣ ስለ ቀዳዳው ሁሉንም ተናገርኩ። የሰብሳቢው ፊሽካ ከአፉ ወደቀ።

መጀመሪያ የሳቀው ሹፌሩ ነው። እንባው እስኪወርድ። «በስተርጅና የሰው ጭስ ስስብ ከርሜያለሁ በሉኛ!» ማስጠንቀቂያዎቹ ተቀደዱ። ለኔ የመጀመሪያው ተጻፈልኝ፤ እንደ ተቆጣጣሪም እንደ ጥፋተኛም እኔው ፈረምኩበት። ከዚያ ባጁን አውልቄ ለሹፌሩ አጠለቅኩለት። አጨበጨቡ።

ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ለልጄ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ያ ፎጣ ለምን ሁሌ እንደሚርስ ያልገባኝ መሰለሽ? ነርስ እኮ ነኝ! አንቺ እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት... ተደብቄ የኖርኩት ከማን ነው?

ታኅሣሥ 22

ሹፌሩ ጠዋት ጠዋት በሬን ያንኳኳል። «ፍተሻ!» አየሩን ይስባል፣ ደብተሩ ላይ «ንጹህ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ አብረን እንወርዳለን። አግዳሚው ወንበር ላይ አንድ አንድ፣ በቃ። ስድሳ ስምንት ደረጃ መውጣት እንዳለብኝ ሳስብ ሁለተኛዋ ራሷ ትቀርብኛለች። ትናንት ስንመለስ ደረጃው ላይ የተጠበሰ ሽንኩርት ሸተተኝ። ቆምኩ። «ምነው እትዬ፣ ደከመዎት?» አለኝ። እኔ እኮ ደስ ብሎኝ ነው!

ዛሬ መንገድ ላይ ያለወቅቱ የመጣ ዝናብ ያዘን። አንድም ሳንለኩስ እየሮጥን ተመለስን። በስብሼ ገባሁና ራሴን ላደርቅ ፎጣውን ሳብኩት።

ደረቅ ነበር።