ሁለቱ ስድስቶችና ባለቤታቸው

ለተከበሩ አቶ ሞቱማ፣ የፕሮግራም ክፍላችን ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ እኔ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር ደኅና መሆኔን እገልጻለሁ። ይህን በቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ ለብቻዎ የላክሁት ሁሉ መልስ ስላጣ ነው።

አንደኛ፣ ወደ ዓመት ፈቃድዎ ሲሄዱ የክሊኒኩን ፕሮግራም ለእኔ ስላስረከቡኝ አመሰግናለሁ። የስኳር ሕመምተኞች ኢንሱሊን የሚወጉበትን ሰዓት በስልካቸው የሚያስታውሰው ይህ ፕሮግራም፣ ኮመንት የምንለው፣ መስመሩ ለምን እንደተጻፈ የሚገልጽ አንዲት ማብራሪያ እንኳ የለውም። ኮድ ራሱን ያብራራል ብለው አስተምረውናል። ለእኔ ግን ዝም ብሎኛል፤ ምናልባት የሚያናግረው ኃላፊዎችን ብቻ ይሆናል። ካብራሩት በኋላ ቢሮው አንፈልግዎትም እንዳይልዎ ሰግተው ከሆነም እረዳዎታለሁ፤ እኔም እንጀራዬን እወዳለሁ።

ሁለተኛ፣ ክሊኒኩ ከእንግዲህ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ስለሚልክልን፣ የፈረንጁን ሰዓት ወደ እኛ የሚቀይረውን ስድስት ቁጥር እስከ ሰኞ እንዳወጣ ታዝዣለሁ። ችግሩ ስድስቶቹ ሁለት መሆናቸው ነው። አንዱ ሰዓት ይቀይራል፤ ሌላው በሁለት መርፌዎች መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት ይመስለኛል። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ስልክዎ ይጠራል፣ አይነሳም።

ሦስተኛው አቤቱታ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ከእኔ በታች የሚኖሩት እማማ ወለተሰንበት የዚሁ ክሊኒክ ታካሚ ናቸው። መልእክቱን ሐኪም ቁጭ ብሎ የሚጽፍላቸው ስለሚመስላቸው፣ ስልካቸው ድምፅ ካሰማ በሉም አልበሉም መርፌያቸውን ይወጋሉ። የተሳሳተውን ስድስት ካወጣሁ፣ ሰዓት ቀያሪው ያለቦታው ስድስት ሰዓት መቀነሱን ስለሚቀጥል፣ ጠዋት ከቁርስ ጋር የሚወጉትን ሌሊት በባዶ ሆዳቸው ሊወጉት ነው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ስኳራቸው ወርዶ ቢወድቁ የሚያነሳቸው የለም። ፈርቻለሁ፣ አቶ ሞቱማ። ደረጃው ላይ ሳገኛቸው ዓይናቸውን ማየት አቅቶኛል።

ምስጢር በመጠበቅ ረገድ ባለዎት ጽናት ዘወትር የምደነቅ፣ ፈቃድዎን በሰላም ጨርሰው እንዲመለሱ የምመኝ፣ እጅ ነስቼ የምሰናበት ታዛዥዎ፣

ኑኃሚን ሀብተ ማርያም

ማሳሰቢያ፦ ኮመንት መጻፍ እንደማይወዱ ስለማውቅ፣ በቃል እንዲያብራሩ ስልክ ቁጥርዎን ለእማማ ወለተሰንበት ሰጥቻቸዋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ መልእክቱ በደረሳቸው ቁጥር፣ ከመወጋታቸው በፊት ለሐኪሙ ደውለው ይጠይቃሉ፤ ሐኪሙ እርስዎ ነዎት። ደስ ብሏቸው መርቀውዎታል። ካላነሱላቸውም አይቀየሙዎትም፤ መርፌውን እንደያዙ ስልኩን እስኪያነሱ ይጠብቁዎታል።