አባትህ ያካፈሉት ነጥብ

ልጄ ማናሴ፣ በካናዳው ብርድ የጌታ እጅ ካንተ አይለይ። እኛ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ግን አልልህም።

አንተ ቤዝቦል ትጫወትበት በነበረው ሜዳ አባትህ ልጆችን ይዳኙ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ነጥብ ሊያገባ የሮጠው ልጅና ሊያስቀረው የቆመው ልጅ የቀለባት ኳስ መድረሻው ላይ እኩል ደረሱ፤ ወላጆች ተጯጯሁ። ዳኛ ይወስናል እንጂ አያስታርቅም። እሳቸው ግን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አይደሉ? ሽማግሌ ማንንም ባዶ እጁን አይሸኝም ብለው ልጆቹን አስተቃቀፉና ነጥቡን ለሁለት አካፈሉ። ሜዳው ሁሉ ሳቀባቸው፤ ሁለተኛ እንዳይመጡም ተነገራቸው።

ከዚያ ወዲህ ሱቃችን ውስጥ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቁጭ ብለው ይውላሉ። ደንበኛ "ሳውቦና" ብሎ ሰላም ቢላቸውም አይመልሱም። አንተ ከሄድክ ወዲህ የቀራቸው ያ ሜዳ ነበር። እኔም መላው ጠፋኝ።

ጌታ መንገድህን ያቅናልህ። እባክህ ደውልና አንድ የጨዋታ ሕግ ጠይቃቸው። ብታውቀውም ጠይቃቸው።

እናትህ ድንቅነሽ